በነጠላ የሚያዝ ብረት፦ ሳቢያን ላይ የአንድ ቤት ደረጃ መደገፊያ እንዴት እንደተመረጠ

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ግቢ ቆሜ የጣሪያ ውሃ መውረጃ ቱቦ እያየሁ ነበር፤ የተጠራሁትም ለእሱ ነው። የቤቱ አያት በውጭው ደረጃ ከፎቅ ሲወርዱ ዓይኔ አረፈባቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ቀኝ መዳፋቸው ላይ ጠቅልለው ነው የደረጃውን ብረት የሚይዙት። አንድ እግር ይወርዳሉ፣ ነጠላው ይንሸራተታል፣ ቆም ብለው እንደገና ይጠቀልላሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ።

«እማማ፣ እጅዎን ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«እጄስ ደህና ነው ልጄ። ብረቱ ነው እንጂ። ምጣድ ሆኗል አቦ!»

ወጥቼ ያዝኩት። እውነትም ምጣድ ነው። ሦስት ሰከንድ አልቆየሁበትም። ቱቦውን ትቼ የደረጃውን ነገር መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ወር ገደማ የፈጀ ሥራ ነው እዚህ የምጽፈው። ደረጃ ያለው ቤት የሚሠራ ሰው መደገፊያውን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ፣ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ሲያልቅ፣ ስልክ ላይ ካየው ፎቶ ነው። እነዚህም ሰዎች እንደዚያው ነበር ያደረጉት።

ቤቱና ደረጃው

ቤተሰቡ አባወራው፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ተወልዳ ያደገች ባለቤቱ፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጃቸውና የአባወራው እናት ናቸው። እማማ ግራ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ መኝታቸው ግን ፎቅ ላይ ነው፣ «ከላይ ነፋስ አለ» ብለው መሬት ቤቱን እምቢ ብለዋል። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ላይ ያደረ ሰው አይፈርድባቸውም።

ደረጃው በቤቱ ምዕራብ በኩል፣ ግድግዳውን ታክኮ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አርማታ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ማረፊያ አለው። ሲወጡ በቀኝ ግድግዳ፣ በግራ ክፍት። 18 ከፍታ አለው፣ እያንዳንዱ 17 ሳንቲ ሜትር። መርገጫው 28፣ የደረጃው ስፋት 105 ሳንቲ ሜትር ነው። ላዩ እብነ በረድ ለብሷል። የጣሪያው ጥላ የሚያገለግለው እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የከሰዓቱ ፀሐይ ክፍቱን ጎን እስኪጠልቅ ድረስ ይጠብሰዋል።

የነበረው መደገፊያ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሱቅ የተገጠመ ስቴንለስ ነው። (ሱቁን አልጠራም፤ እንደሱ የሚሠራው ብቻውን አይደለም።) ላይ ላዩን ወፍራም ቱቦ፣ ከሥሩ አራት ቀጫጭን ቱቦዎች ከደረጃው ጋር ተጋድመው ይሄዳሉ። ያብረቀርቃል። ልጁ ሁለተኛው ቱቦ ላይ ቆሞ ባጃጅ ሲያልፍ የሚያይበት ቦታው ነው፤ እናቱ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። አግድም የተዘረጋ ቱቦ ለሦስት ዓመት ልጅ መሰላል ማለት ነው። የብሪታንያ የግንባታ ደንብ ሕፃናት ሊኖሩ በሚችሉበት ቤት መደገፊያው በቀላሉ የሚወጣበት እንዳይሆን የሚያዘው ለዚህ ነው።

ሜትር አወጣሁና ቁመቱን ለካሁ፤ ከመርገጫው ከንፈር፣ ማለትም ከፊተኛው ጠርዙ፣ ተነስቶ እስከ ቱቦው አናት 73 ሳንቲ ሜትር። አባወራው አላመነኝም። «90 ነው የተባልኩት፣ ራሴ ቆሜ ለክቻለሁ» አለ። ሜትሩን ሰጠሁት፤ ለካ፣ 90 አገኘ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። እሱ ሜትሩን ያቆመው በመርገጫው ውስጠኛ ጥግ፣ ቀጣዩ ደረጃ በሚነሳበት ነው። መደገፊያው ከደረጃው ጋር እያዘነበለ ስለሚሄድ ከከንፈሩ እስከዚያ ጥግ ድረስ በአንድ ከፍታ ያህል፣ ማለትም 17 ሳንቲ ሜትር፣ ያድጋል። ሰው ደግሞ የሚወድቀው ከከንፈሩ ላይ ሆኖ ነው። ከበያጅ ጋር ስትዋዋሉ «90» ብቻ አትበሉ፤ ሜትሩ የት እንደሚቆም ተናገሩ።

ፊሸሩ ሲወጣ

ከዚያ የመጀመሪያውን ምሶሶ ጨብጬ ነቀነቅሁት። አናቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ሄደ። ታችኛውን ክብ ሽፋን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ አየሁ፤ 10 በ10 የሆነ ፕሌት፣ በአራት ዊንቶች የታሰረ። ሁለቱን ዊንት በጣቴ አዞርኳቸው። አንዱን ስስበው ፊሸሩን (ዊንቱ የሚገባበትን ፕላስቲክ) ይዞ ወጣ፤ ከኋላው ነጭ ዱቄትና ደረቅ አሸዋ ተከትሎ መርገጫው ላይ ፈሰሰ። ፊሸሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። እብነ በረዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ልስን ሌላ ሦስት። ስለዚህ ዊንቱ አርማታውን ፈጽሞ አልነካውም። መደገፊያው ሁለት ዓመት ሙሉ የቆመው በድንጋይና በአሸዋ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። ምሶሶ ማለት እንደ ዶማ እጀታ ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ ብትገፋው ሥሩ ላይ ብዙ ሆኖ ይደርሳል። አንድ ሰው ተደናቅፎ በ50 ኪሎ ግፊት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢደገፍ፣ ያንን የሚመልሰው ከፕሌቱ ፊተኛ ጠርዝ እስከ ኋለኞቹ ዊንቶች ያለው ስምንት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 80 ለ8 ሲካፈል አሥር። ስለዚህ 50 ኪሎው ሥሩ ላይ 500 ኪሎ ሆኖ ይመጣል፤ ሁለቱ ዊንቶች ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 250። በአሸዋ ውስጥ ያለ ፊሸር 250 ኪሎ አይዝም። ደግሞ 50 ኪሎ ብዙ አይደለም፤ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ መደገፊያው አናት ላይ በአንድ ቦታ 90 ኪሎ ገደማ እንዲችል ይጠይቃል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ቆመ?» አለ አባወራው።

ማንም ስላልተደገፈው ነው። ጠዋት አጭር ስለሆነ እጅ አያገኘውም፤ ከሰዓት ያቃጥላል። ብቸኛ ደንበኞቹ ባለ ነጠላዋ እማማና ልጁ ነበሩ።

ምሶሶዎቹ በብየዳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥተዋል፤ አባወራው «304 ነው ብለው ማግኔት አሳይተውኛል፣ አልያዘም» አለ። ማግኔቱ ምንም አያረጋግጥም። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ ርካሹ 201 ደግሞ ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ነው። ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውም። ልዩነታቸው የሚታየው ከገዙ በኋላ ነው።

መስታወት፣ እንጨት፣ ብረት

ምሽቱን ሆጃ እየጠጣን ተነጋገርን። አባወራው ስልኩን አወጣ፤ ከላይ እስከ ታች ወጥ መስታወት፣ ከሥሩ አጫጭር የስቴንለስ መያዣዎች፣ አናቱ ላይ ምንም። ውበቱን አልክድም፣ ደረጃው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ለዚህ ደረጃ ግን አይሆንም ብዬ ተከራከርኩት፤ አንደኛው ምክንያቴ የሳቢያን ውሃ ነው። የድሬ የቧንቧ ውሃ ከዚሁ ከሳቢያን ጉድጓዶች የሚወጣና ኖራው የበዛ መሆኑን ማንቆርቆሪያዋን የፋቀች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ፀሐይ ላይ ያለ መስታወት በዚያ ውሃ ሲታጠብ ሳይወለወል ይደርቅና ነጭ ነጠብጣብ ይሸከማል። በዚያ ላይ የድሬን አቧራ ጨምሩበት፤ በየቀኑ የሚወለውል ሰው መቅጠር ነው። ሁለተኛው፣ ቴምፐርድ መስታወት አንዴ ምድጃ ገብቶ ከወጣ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልኬቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር ከተሳሳተ ሌላ ማዘዝ ነው፤ ይህ ደረጃ ደግሞ እያንዳንዱ መርገጫው በጥቂቱም ቢሆን ከሌላው የሚለይ፣ በእጅ የተሞላ አርማታ ነው። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፤ እማማ ምኑን ይይዙታል?

ባለቤቱ ሌላ ነገር ፈልጋለች። ጀጎል ውስጥ የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው፣ በረንዳቸው በተጠረበ እንጨት የተከበበ የቆዩ ቤቶች አሉ፤ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘውም ከእነሱ ወገን ነው። በልጅነቷ በእነሱ ሥር ነው ያለፈችው። «ቤቴ ስገባ እንደዚያ እንዲመስል ነው የምፈልገው» አለች። ይህን ለመቃወም ከበደኝ፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ አየሩ ሌላ አገር ነው። ምዕራብ በኩል የተጋለጠ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እዚህ በአንድ በጋ ይሰነጠቃል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ የላላውን ደግሞ ምስጥ አይምረውም። የላላ የእንጨት ዘንግ ልጅ እጅ ላይ የሚቀር ዘንግ ነው።

በማግስቱ ሦስታችን ባጃጅ ይዘን ከዚራ ሄድን። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ የተተከለ ሰፈር ነው፤ ቀጥ ያሉ መንገዶቹና ጥላማ ዛፎቹ አሁንም አሉ። የፈለግሁት የድሮዎቹን ቤቶች የበረንዳና የመስኮት ብረት ላሳያቸው ነበር። ተራ ብረት ነው፣ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦበት ጠርዙ ክብ ሆኗል፤ ግን ቆሟል። የድሬ ዝናብ በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ውሃ እንዳይቆምበት ሆኖ የተሠራና በጊዜው የተቀባ ብረት እዚህ ዕድሜው ረጅም ነው። አባወራው አንዱን አጥር እየዳሰሰ ዝም አለ። ባለቤቱ ናት «ብረቱ ከታች፣ እንጨቱ ከላይ ቢሆንስ?» ያለችው።

የተስማማነውም ያንን ነው። ቋሚ የብረት ዘንጎች፣ እጅ የሚያርፍበት ላይ ክብ የዋንዛ እንጨት። እንጨትም ፀሐይ ላይ ይሞቃል፤ ነገር ግን ሙቀቱን ለእጅ የሚሰጠው በዝግታ ነው፣ ብረት ግን ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ለአባወራው ደግሞ የላይኛው መተላለፊያ ጠርዝ ተተወለት፤ ርዝመቱ 190 ሳንቲ ሜትር፣ ፀሐይም ዝናብም አይደርስበትም፣ ወለሉም ጠፍጣፋ ነው። እዚያ መስታወት ይግባ አልኩ፤ ግን ላሚኔትድ ይሁን፣ ከላዩም የእንጨት መያዣው ይቀጥል። ቴምፐርድ ብቻውን ሲሰበር እንደ ጨው ይረግፍና ክፍተቱ ባዶ ይቀራል፤ ላሚኔትድ ግን በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለው ፕላስቲክ ይዞት እዚያው ይቆያል።

ዘነዘናና የወተት ጣሳ

የመያዣው ውፍረት ላይ ክርክር ነበር። አባወራው ስምንት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ «ግርማ ያለው» ፈለገ። ከማስረዳት ይልቅ እማማን ወደ ማዕድ ቤት በር ጠራናቸው። መጥረጊያ እንጨት፣ የሙቀጫ ዘነዘና፣ እና ከቱቦው ሥራ የተረፈ ባለ ኢንች ከሩብ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ በየተራ ሰጠኋቸውና ጥብቅ አድርገው እንዲይዙ፣ እኔም እንድነጥቃቸው ጠየቅሁ። መጥረጊያውን በቀላሉ ነጠቅኳቸው። ዘነዘናውን ጣታቸው አልዞረውም፣ ተንሸራተተ። ቧንቧውን ስስብ እሳቸውም ከወንበሩ ተነሱ። «ይሄ እጄ ውስጥ ይገባል» አሉ። ያ ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአሜሪካ ደንብ ለክብ መያዣ የሚሰጠው ከ32 እስከ 51 ሚሊ ሜትር መሃል ይወድቃል። እንጨቱ በ44 ተቆረጠ፣ ተልጎ ሲያልቅ 42 እንዲሆን።

ቁመቱን ከከንፈሩ 92 ሳንቲ ሜትር አደረግን። የብሪታንያው ደንብ ለመኖሪያ ቤት ደረጃ ቢያንስ 90 ይላል፣ የአሜሪካው መያዣ ከ86 እስከ 97። እማማ አጭር ናቸው፣ ስለዚህ ከዚያ በላይ መውጣት አልፈለግሁም።

ክፍተቱ ላይ ነው የተጣላነው፣ ጥል ከተባለ። በያጁ ያመጣው ንድፍ በአንድ መርገጫ ሁለት ዘንግ ነበር፤ የተለመደው እሱ ነው፣ ያምራልም። መርገጫው 28 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 14፣ የዘንጉ ውፍረት 1.2 ሲቀነስ 12.8 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይቀራል። ሦስት ከሆነ 9.3 ሲቀነስ 1.2፣ ስምንት አካባቢ። ሁለቱም ደንቦች የሚሉት 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኳስ እንዳያልፍ ነው። ምክንያቱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጭንቅላት ስለሚገባ አይደለም፤ ይልቁንም ትንሽ ልጅ እግሩን አስቀድሞ ሲሾልክ ሰውነቱ ያልፍና ጭንቅላቱ ስለሚቀር ነው። ከዚያ በአንገቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን መናገር ደስ አይልም፣ ግን ሳልናገር ሰው «16 ብረት ይተርፋል» የሚለውን ሒሳብ ነው የሚሰማው።

በያጁ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በወጣትነታቸው በድሬ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠለጠኑ ሰው ናቸው። በወረቀት አይረቱም። ስለዚህ የልጁን የወተት ዱቄት ጣሳ ይዤ ወርክሾፓቸው ሄድኩ፤ በሜትር ስለካው አፉ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ከብረት ቁርጥራጭ ሁለቱንም ክፍተት በብየዳ ነካ ነካ አድርገው እንዲያቆሙ ለመንኳቸው። ጣሳውን በመጀመሪያው ውስጥ አሳለፍኩት፣ በወዲያኛው ጎን ወድቆ ተንከባለለ። በሁለተኛው አልገባም። ሽማግሌው ጣሳውን አንስተው እያገላበጡ፣ «ይሄ የማን ነው?» አሉ። የሦስት ዓመት ልጅ እንዳለ ነገርኳቸው። «ሦስት ይሁን» አሉ፤ ስለ ዋጋው ሌላ ቃል አልተናገሩም።

አንድ ነገር ግን እሳቸው አስተማሩኝ። በታችኛው አግድም ብረትና በደረጃው መሃል የሚቀረውን ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ እኔ ረስቼው ነበር። የታችኛው ብረት ከከንፈሮቹ መስመር ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል እዚያ ማዕዘን ውስጥ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ኳስ ይገባል። የአሜሪካው ደንብ ለዚያ ማዕዘን እስከ 15 ይፈቅዳል፤ እሳቸው ግን ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር አወረዱት። «ጣሳህን ይዘህ ድጋሚ እንዳትመጣብኝ» አሉኝ።

ጌጡን በተመለከተ፣ ባለቤቱ ከከዚራ ስንመለስ የተጠማዘዘ ዘንግ መርጣ ነበር። እኔ የተቃወምኩት ቅጠልና ቀለበት ብቻ ነው፤ ቀለበት እግር ማስገቢያ ነው፣ ሾጣጣ ቅጠል ደግሞ የድሪያ እጅጌ መንጠቆ። ጥምዝ ግን ምንም ጉዳት የለውም። ሽማግሌው 12 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ብረት አንድ ጫፉን ሞርሳ ላይ አሰሩ፣ ሌላውን በቧንቧ መፍቻ ያዙና ሳያሞቁ፣ እንደ ፎጣ ጨመቁት። እያንዳንዱን ሩብ ዙር ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ «አሥራ ስድስት» ሲሉ አራት ሙሉ ዙር ሆነ ማለት ነው፣ ያቆማሉ። ረዳታቸው አንዱን አሥራ ሰባት አድርጎት ከሌሎቹ ጎን ሲያቆሙት ከሩቅ ታወቀ፤ ወደ ቁርጥራጩ ክምር ተወረወረ። በሁለቱ ተዳፋት ላይ ከስድስቱ ምሶሶዎች ሌላ 42 ዘንግ ገባ፣ 16ቱ ጥምዝ ናቸው፣ በየመርገጫው አንድ።

አርማታውን ፍለጋ

አስተሳሰሩን ቀየርኩት። ፕሌቶቹ መርገጫው ላይ ሳይሆን ከጎን፣ በአርማታው ጠርዝ ላይ ተጣበቁ። ከጎን ሲታሰር እብነ በረዱና ልስኑ ከጨዋታ ውጭ ይሆናሉ፣ በዚያም ላይ ምሶሶው ከመርገጫው ላይ ስለሚነሳ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል መራመጃ ይመለሳል። ፕሌቱ 10 በ18፣ ውፍረቱ ስምንት ሚሊ ሜትር፤ ሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች። ላይኛው ቡሎን ከፕሌቱ ታችኛ ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ምሶሶው ቢረዝምም ያው የ50 ኪሎ ግፊት ሥሩ ላይ ወደ 380 ኪሎ ይወርዳል፤ እሱንም የሚይዘው አሥር ሳንቲ ሜትር አርማታ ውስጥ የገባ ቡሎን ነው። ቀዳዳው ውስጥ እየሰፋ የሚይዝ ቡሎን አልተጠቀምኩም፤ ጠርዝ ላይ ሲጠብቅ አርማታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ኬሚካል አንከር፣ ማለትም ቡሎኑን ከአርማታው ጋር የሚያያይዝ ማጣበቂያ፣ ከአዲስ አበባ መጣልን። በእሱ ሥራ ላይ ሰው የሚሰንፈው ቀዳዳውን ማጽዳት ነው፤ በብሩሽና በመንፊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጸዳ ማጣበቂያው የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው።

በሦስተኛው ቀዳዳ ድሪሉ ፌሮ ላይ ደረሰ። ሠራተኞቹ ሊበሱት ፈለጉ። አስቆምኳቸውና ቀዳዳውን ሦስት ሳንቲ ሜትር አዛወርን፣ የቀድሞውን ደፈንን፤ ለዚያ ምሶሶ ሌላ ፕሌት መቁረጥ ነበረባቸው። ግማሽ ቀን ባከነ።

እንጨቱ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ተሳሳትኩ። ዋንዛው እንደመጣ ቸኩዬ አስገጠምኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ማረፊያው አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ሁለት ሚሊ ሜትር ተከፈተ፤ የልጅ ጣት ቆዳ የሚይዝ ስንጥቅ ነው። ያንን ቁራጭ አውልቀን አዲሱን ቤት ውስጥ፣ ጥላ ላይ፣ ሁለት ሳምንት አስቀመጥነው፤ የድሬን አየር ከጠገበ በኋላ ሲገጠም ዝም አለ። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነው። እንጨቱ ከሥሩ ባለ አራት ሳንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተቀምጦ ከታች ወደ ላይ በዊንት የታሰረ ነው፣ ስለዚህ እጅ ከላይ እስከ ታች ሳይለቅ ይንሸራተታል። ፀሐይ ላይ ስለሆነ ቫርኒሹ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ አባወራው ቃል ገብቷል፣ እናያለን።

ሲያልቅ ፈተንነው። ሁለት የ50 ኪሎ ተንጠልጣይ ሚዛን በገመድ በሁለት ምሶሶ መሃል ጎን ለጎን አሰርንና ሁለት ጎረምሶች እያንዳንዳቸው 45 እስኪያነብ ወደ ውጭ ሳቡ። አናቱ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሄደ፤ ሲለቁት ተመለሰ። ሽማግሌው በያጅ ሚዛኑን ሳይሆን ፕሌቶቹን ነበር የሚያዩት፣ በርከክ ብለው አንድ በአንድ።

ዋጋውን ሰው ስለሚጠይቀኝ፦ ሁሉም ተደምሮ አባወራው መጀመሪያ ከተጠየቀበት የወጥ መስታወት ዋጋ ግማሽ አልሞላም፤ ከተራው ባለ ሁለት ዘንግ ብረት ግን በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። የበለጠው በአብዛኛው ቡሎኑ፣ ኬሚካሉና እንጨቱ ነው። የወለቀው ስቴንለስ ለቁራሌው ከመሸጥ ተርፎ የአበባ ማሰሮ ማቆሚያ ሆኗል። የላይኛው መስታወት ቆንጆ ነው። ባለቤቱ የልጁን የጣት አሻራ በየቀኑ እየወለወለች ባሏን ትረግማለች።

የግድግዳው ጎን

መጀመሪያ በዕቅዱ ያልነበረ አንድ ነገር በመጨረሻ ተጨመረ። እማማ ሲወርዱ ክፍቱ ጎን በቀኛቸው ነው፤ የሚያማቸው ግራ ጉልበታቸው ነው። ሲወጡ ግን ይገለበጣል፤ መያዣው በሚያመው በኩል ይሆንና ጤነኛው ጎናቸው ወደ ባዶ ግድግዳ ይዞራል። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሲወጡ ሳያቸው በቀኝ መዳፋቸው ልስኑን እየገፉ ነው የሚወጡት፤ ግድግዳው ላይ በእጃቸው ቁመት የጠቆረ መስመር አለ፣ ከታች እስከ ላይ። ሁለት ዓመት ሙሉ መያዣ የት እንደሚያስፈልግ ጽፈውልን ነበር።

በዚያው መስመር ላይ ሁለተኛ የዋንዛ መያዣ ገባ፣ ከግድግዳው አምስት ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ጣት ሳይፋቅ እንዲዞር። የላይኛው ጫፍ ከመጨረሻው ደረጃ 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ወደ ግድግዳው ታጥፎ ይገባል፣ የነጠላም የድሪያም ጫፍ እንዳይዝ። ከክፍቱ ጎን ያተረፍነውን ሰባት ሳንቲ ሜትር እዚህ ከነወለዱ ከፈልነው፤ ማንም አላጉረመረመም።

ታችኛው ጫፍ ግን ጎድሏል። የዕቃ ቤቱ በር ወደ ውጭ ስለሚከፈትና ግድግዳውን ስለሚመታ መያዣው ከታችኛው ደረጃ አንድ መርገጫ ቀድሞ ማለቅ ነበረበት። እማማ ሲወጡ የመጀመሪያውን ደረጃ የሚረግጡት እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው ነው፣ ሁለተኛው ላይ ያገኙታል። ለአባወራው በሩን በሌላው ጎን ማንጠልጠል እንዳለበት ነግሬዋለሁ፤ ማጠፊያዎቹን ገዝቶ አስቀምጧል፣ አናጢው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል።